ለጀማሪ ቢላ ሠሪ፦ ከጉልበት በፊት ዝግታ

ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤቴ ጋራዥ የሚመጡት ወጣቶችም ሆኑ ከሌላ ከተማ የሚደውሉልኝ ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ጋሼ፣ ቢላ መሥራት ልጀምር ነው፤ የትኛውን ቤልት ግራይንደር ልግዛ?» አብዛኞቹ ገና ሳይደውሉ የማሽኖቹን የፈረስ ጉልበት አወዳድረው፣ በዋጋ ደርድረው ጨርሰዋል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ግን «ይኼ ያሰብከው ማሽን ምን ያህል ቀስ ማለት ይችላል?» ብዬ ነው። ዝም ይላሉ። ሻጮችም ብዙውን ጊዜ ይህን አያጎሉትም። ጀማሪ ሰው ትንሿን ገንዘቡን ማዋል ያለበት ግን በዚህ ላይ ነው ብዬ አጥብቄ አምናለሁ፤ ምክንያቱን ላስረዳ።

የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ ቶርኖ ቤት ሠርቻለሁ፤ እዚህም እንጀራዬ ብረት ነው። ወደ ቢላ ሥራ ያስገባኝ ቁርጥ ነው። ከሱቅ የሚገዛው ቢላ ለሽንኩርትና ለዳቦ ደህና ሆኖ ሳለ ለቁርጥ ሲሆን ጎኑ ይወፍራል፤ ሥጋውን ከመቁረጥ ይልቅ ይጎትተዋል። ቁርጥ የሚያውቅ ሰው ቢላውን ሳይጫነው፣ አንዴ ሳብ ሲያደርገው ብቻ እንዲያልፍለት ይፈልጋል። ለዚህ ደግሞ ስለቱ ብቻ ስል ቢሆን አይበቃም፤ ከስለቱ ከፍ ብሎ ያለው ጎንም መሳሳት አለበት። ብረት ሲሳሳ ደግሞ ቶሎ ይግላል። የርካሽና የውድ ግራይንደር ልዩነት ጎልቶ የሚወጣው እዚህች ቀጭን ቦታ ላይ ነው።

ማሽኑ ራሱ ውስብስብ አይደለም። አንድ ሞተር፣ ሁለት ወይም ሦስት ፑሌጃ፣ በላያቸው ላይ ማቋረጫ ሳይኖረው የሚዞር የብርጭቆ ወረቀት ቀበቶ፣ ቀበቶውን ወጥሮ የሚይዝ ሞላ፣ ከቀበቶው ጀርባ የሚቆም ጠፍጣፋ መደገፊያ ብረት፣ ከፊቱ ደግሞ ሥራው የሚያርፍበት ጠረጴዛ መሳይ ነገር። ቢላ ሠሪው ጠፍጣፋውን ብረት በሁለቱም ጎን እየሞረደ ከጀርባው ወደ ስለቱ እየሳሳ የሚሄድ ተዳፋት ያወጣለታል። በእጅ ሞረድ ቀናት የሚወስደው በማሽን ከሰዓት በኋላ ያልቃል።

አሁን ወደ ሙቀቱ ልመለስ፤ ሁሉም ነገር የሚታሰረው በእሱ ነውና። በአሜሪካ ለጀማሪ ከሚመከሩት ብረቶች አንዱ 1084 የሚባለው የካርቦን ብረት ነው። ቅርጹ ከወጣ በኋላ ወደ 815 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይሞቅና በሞቀ ዘይት ውስጥ ይነከራል። ከዘይቱ ሲወጣ በጣም የጠነከረ ነው፤ ግን ሲሚንቶ ላይ ቢወድቅ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ምድጃ ውስጥ በ200 ዲግሪ አካባቢ ሁለት ጊዜ፣ በየተራው ሁለት ሁለት ሰዓት እየቆየ ይለዝባል። እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያ ቢላ በማንኛውም ምክንያት ከዚያ ሙቀት ብዙ አልፎ ከሄደ ጥንካሬውን ይለቃል። እንደገና ከዘይቱ ካልጀመሩ በቀር መመለሻ የለውም።

ብረቱ የደረሰበትን በቀለም ይናገራል። ንጹሕ አብረቅራቂ ብረት ላይ ከ220 እስከ 230 ዲግሪ ሲደርስ ገለባማ ቢጫ ይታያል፤ 260 አካባቢ ቡናማ፣ 280 ላይ ሐምራዊ፣ ወደ 300 ሲጠጋ ሰማያዊ። የጎረቤቴ ልጅ የመጀመሪያ ቢላውን አጠንክሮ፣ አለዝቦ፣ ጫፉን ለማሳመር ብቻ ፈጣን ማሽን ላይ አንዴ አሳረፈው። አጠገቡ ቆሜ ነበር። ከጫፉ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህሉ ቢጫ ሆነ፣ ወዲያው ቡናማ፣ «ኧረ!» ከማለቴ በፊት ሰማያዊ። ቢላውን ሞርሳ ላይ አሰርነውና ሞረድ በስለቱ ጎን አሳለፍኩበት። ከእጀታው በኩል ሲነሣ ሞረዱ እየተንሸራተተ ይሄድ ነበር፤ ሰማያዊው ጋ ሲደርስ ጥርሱ ያዘ። ልጁ ራሱ ሞረዱን ተቀብሎ ደጋግሞ ሞከረው። ሞረዱ የያዘበት ያ ጫፍ ከእንግዲህ ስለት አይቋጥርም።

የአሜሪካ የቢላ አንጥረኞች ማኅበር፣ በ1976 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው፣ ለመካከለኛ ማዕረግ የሚያቀርበው የተግባር ፈተና ይህን ነገር በደንብ ያሳያል። በአንድ ቢላ የተንጠለጠለ ወፍራም ገመድ በአንድ ምት ይቆረጣል፤ ከዚያ በዚያው ቢላ የቤት መሥሪያ እንጨት ሁለት ጊዜ ተከትክቶ ይበጠሳል፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ስለቱ የክንድ ፀጉር መላጨት አለበት። መጨረሻ ላይ ቢላው ሞርሳ ላይ ታስሮ 90 ዲግሪ ሲታጠፍ መሰበር የለበትም። በግራይንደር ስለቱ የተቃጠለ ቢላ እንጨቱን ቆርጦ ፀጉር የሚላጭበት ዕድል የለውም።

ታዲያ የቀበቶው ፍጥነት ከየት ይመጣል? ሞተሩ ላይ የተሰካውን ፑሌጃ ዙሪያ በሞተሩ ዙር ማባዛት ነው። ዲያሜትሩ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፑሌጃ ዙሪያው ከ31 ሳንቲ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። የአሜሪካ ፈጣኑ ሞተር በደቂቃ 3,450 ጊዜ ይዞራል፤ ስለዚህ ቀበቶው በደቂቃ ወደ 1,100 ሜትር ይበራል። ያው ፑሌጃ በደቂቃ 1,725 በሚዞር ሞተር ላይ ቢሰካ ፍጥነቱ 550 ሜትር ይሆናል። ልምድ ያለው ሰው ያልጠነከረ ብረት ሲያወርድ የመጀመሪያውን ፍጥነት ይወደዋል። ለጠነከረ ቀጭን ስለት፣ ለእንጨት እጀታና ለጀማሪ እጅ ግን ሁለተኛውም ቢሆን ፈጣን ነው፤ በደቂቃ 200 ሜትር ድረስ ወርዶ መሥራት መቻል ትልቅ ነገር ነው። ቀስ ያለ ቀበቶ ላይ ስሕተት ሲጀምር ዓይን ያየዋል፣ እጅም ይመለሳል።

በዋጋ ከታች እንነሣ። ከመቶ ዶላር በታች የሚገኘው 1 በ30 የሚሉት ነው፤ ቁጥሩ በኢንች ነው፣ በእኛ ልኬት ስፋቱ 2.5፣ ዙሪያው 76 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀበቶ ማለት ነው። ሀርበር ፍሬይት መደብር ውስጥ ይገኛል፤ ዌን የሚባለው ኩባንያም ይሠራዋል። ሞተሩ ብዙውን ጊዜ የአንድ ፈረስ ጉልበት ሲሶ፣ ወደ 250 ዋት ነው። ፍጥነቱ አንድ ብቻ ነው፤ በደቂቃ 900 ሜትር አካባቢ። ጉልበቱ ትንሽ፣ ፍጥነቱ ብዙ ማለት ነው፤ ጫን ሲሉት ይቆማል፣ ሲለቁት ያቃጥላል።

በመብራት ማደብዘዣ አቀዘቅዘዋለሁ የሚል ሰው አጋጥሞኛል። እባካችሁ አታድርጉት። እነዚህ ሞተሮች ኢንዳክሽን ናቸው፤ ዙራቸውን የሚወስነው የመብራቱ ድግግሞሽ ስለሆነ ቮልቴጁን ቢያወርዱት ሞተሩ ይግልና ይቃጠላል እንጂ በወጉ ቀስ አይልም።

እንዲህም ሆኖ ይህን ማሽን አልንቀውም። መቶ ዶላር ብቻ ያለው ሰው በእሱ ጥሩ ቢላ መሥራት ይችላል፤ ሥራውን ከሙቀቱ ጋር ካስማማው። ከባዱ ሞረዳ በሙሉ ብረቱ ከመጠንከሩ በፊት ይለቅ፤ በዚያን ጊዜ ሰማያዊ ቢሆንም ምንም አይጎዳም፣ ዘይት ውስጥ ሲገባ ሁሉም ነገር ከአዲስ ይጀምራልና። ስለቱ ላይ ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይተው፤ ከዚያ ከሳሳ ዘይት ውስጥ ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። ከጠነከረና ከለዘበ በኋላ ማሽኑ ይቁም። ቀሪውን የብርጭቆ ወረቀት በጠፍጣፋ ብረት ላይ ጠቅልሎ፣ ዘይት ጠብ እያደረጉ በእጅ መጨረስ ነው። ለቁርጥ ቢላ ይህ አንድ ረዥም ምሽት ይወስዳል፤ ግን አንድም ስለት በሙቀት አይጠፋም። ግድ ማሽኑን መንካት ካለበት በባዶ እጅ ይያዘው፤ ጣቱን ወደ ስለቱ አስጠግቶ ያሳርፍ፤ በአንድ ማለፊያ አንዴ ውሃ ውስጥ ይንከረው። ቢላው ላይ የቀሩትን የውሃ ጠብታዎች ይይ፤ ከስለቱ አጠገብ ያለችው ጠብታ መትነን ስትጀምር እንደገና ወደ ባልዲው።

ከዚህ ከፍ ሲል 2 በ42 የሚባለው አለ፤ ስፋቱ 5፣ ዙሪያው 107 ሳንቲ ሜትር ግድም። ድሮ ሲርስ መደብር በክራፍትስማን ስም ይሸጠው የነበረው ብዙ አሜሪካውያን ቢላ ሠሪዎችን አስጀምሯል። ሰፋ ያለ ቀበቶ ስላለው ከትንሹ ይሻላል፤ ፍጥነቱ ግን ያው አንድ ነው፣ የሚገኙት የቀበቶ ዓይነቶችም ጥቂት ናቸው። በርካሽ ካገኙት ይውሰዱት። አዲስ ለመግዛት ከሆነ ግን ገንዘቡን ይዞ ቆይቶ ወደ ቀጣዩ መሄድን እመርጣለሁ።

ቀጣዩ 2 በ72 ነው፤ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 183 ሳንቲ ሜትር ዙሪያ። በአሜሪካ አብዛኛው ቢላ ሠሪ የሚሠራበት መጠን ይህ ነው። በአውሮፓ ላላችሁ እዚያ 5 በ200 ሳንቲ ሜትሩም የተለመደ ስለሆነ በአካባቢያችሁ ቀላል ሆኖ የሚገኘውን ቀበቶ አይታችሁ ወስኑ። ማሽኑን የሚመግበው ቀበቶው ነው። ማሽን አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ቀበቶ ግን በየቢላው ሁለት ሦስት ያልቃል። ለ2 በ72 ለሸካራውም፣ ለልስላሴውም፣ ለእንጨቱም፣ ለማንጸባረቂያውም የሚሆን ቀበቶ ከብዙ አምራች ተወዳድሮ ይሸጣል። የቀበቶው ጠቅላላ ገጽ ከ1 በ30 ጋር ሲነጻጸር አምስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረው። እያንዳንዷ የአሸዋ ቅንጣት ዞራ ብረቱን እስክትነካ ረዥም መንገድ ስለምትሄድ ትቀዘቅዛለች፤ ስለዚህ ቀበቶው ረዥም ዕድሜ አለው፣ ቢላውንም ያን ያህል አያግለውም።

ዋጋው ግን ያስደነግጣል። ሞተርና ፍጥነት መቆጣጠሪያ ተሟልቶለት ተገጣጥሞ የሚመጣ ከ1,500 ዶላር ተነሥቶ 3,000ም ከዚያም በላይ ይደርሳል። ለጀማሪ መውጫው አካሉን በቁርጥራጭ ገዝቶ ራሱ መግጠም ነው። ተቆርጦና ተበስቶ የሚመጣ፣ በቡሎን ብቻ የሚታሰር፣ ብየዳ የማይፈልግ አካል በጥቂት መቶ ዶላር ይገኛል። ፑሌጃዎቹን ለብቻ መግዛት ነው፤ እነሱ ላይ አትሰስቱ። ቀበቶውን ወዲያና ወዲህ የሚያስተካክለው የላይኛው ፑሌጃ መካከሉ ትንሽ ጎበጥ ማለት አለበት፤ ቀበቶ ሁልጊዜ ወደ ከፍታው ስለሚወጣ መሃሉን ይዞ የሚቆየው በዚያ ጉብታ ነው። ጠፍጣፋ ፑሌጃ ላይ ቀበቶው ሾልኮ ይወጣል፤ በደቂቃ ብዙ መቶ ሜትር እየሄደ ያመለጠ ቀበቶ ፊት ላይ ሲያርፍ ቀልድ አይደለም።

ሞተሩን በተመለከተ ሰዎች ለአንድ ኢንች የቀበቶ ስፋት አንድ የፈረስ ጉልበት ይላሉ፤ በዚህ ስሌት ባለ 5 ሳንቲ ሜትር ቀበቶ 2 የፈረስ ጉልበት፣ 1.5 ኪሎ ዋት ይፈልጋል። ጀማሪ በአንዱም ደህና ይሠራል። ጉልበቱን ግማሽ አድርጋችሁ የተረፈውን ገንዘብ ፍጥነት መቆጣጠሪያው ላይ አውሉት እላለሁ፤ ምክሬ ከሌሎች የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ባለ ሦስት ፌዝ ሞተርና ቪኤፍዲ የሚባለው መቆጣጠሪያ ሲጣመሩ፣ መቆጣጠሪያው ከቤት የመጣውን ሲንግል ፌዝ መብራት ወደ ሦስት ፌዝ ለውጦ ድግግሞሹን በአንድ ቁልፍ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። ከጥቂት ሄርዝ እስከ ሙሉው ድረስ ማለት ነው። ብረት ሲወርድ ወደ ላይ፣ ጫፉ ሲደርስ ወደ ታች።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ሞተሩም መቆጣጠሪያውም ድፍን መሆን አለባቸው። የብረት ብናኝ መብራት ያስተላልፋል፤ መተንፈሻ ቀዳዳው ክፍት የሆነ ርካሽ መቆጣጠሪያ ግራይንደሩ አጠገብ ከተሰቀለ ዕድሜው አጭር ነው፣ እሳትም ያመጣል። ክፍቱን ከገዛችሁ ከብናኙ ራቅ አድርጋችሁ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ አኑሩት። ሁለተኛ፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ከኋላው ያለው ማራገቢያ አብሮት ስለሚዘገይ በጣም ዝቅተኛ ፍጥነት ላይ ለረዥም ሰዓት አታቆዩት፤ እጃችሁን ጣል አድርጋችሁ ዳስሱት።

ለዚህም ገንዘብ ከሌለ የጥንቱ ዘዴ አለ። ሞተሩ ላይ ትንሽ፣ የማሽኑ ዘንግ ላይ ትልቅ ፑሌጃ አድርጎ በቺንጋ ማገናኘት። 5 ሳንቲ ሜትር 10 ሳንቲ ሜትሩን ቢነዳ ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል። ደረጃ ደረጃ ያለው ፑሌጃ ከተገኘ ቺንጋውን እያዘዋወሩ ሦስት ፍጥነት ይገኛል። ከተጣለ የመሮጫ ማሽን ሞተር ፈትተው የሚሠሩም አሉ፤ ፍጥነቱ እንደልብ ይታዘዛል፣ ዋጋውም ከነጻ አይርቅም። ሆኖም ላዩ ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት ለአፍታ የሚሰጠው እንጂ ቀኑን ሙሉ የሚዘልቅበት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ክፍትም ስለሆነ ብናኝ ይገባበታል። መሸፈኛ አበጅታችሁለት፣ እያሳረፋችሁት ከሠራችሁ ለመጀመሪያዎቹ ቢላዎች ያገለግላል።

ቀበቶን ሳላነሣ ባልፍ ግማሹን ነገር ሳልናገር መቅረቴ ነው። ርካሹ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው፤ ቀጥሎ ዚርኮኒያ፣ ከሁሉም በላይ ሴራሚክ። ለ2 በ72 የሚሆነው ሴራሚክ ቀበቶ አንዱ ከ6 እስከ 12 ዶላር ይሄዳል። የሴራሚክ ቅንጣት ሲጫኑት እየተሰባበረ በየጊዜው አዲስ ስለት ያወጣል፤ ረዥም ዕድሜው የሚመጣው ከዚህ ነው። ሲሶ የፈረስ ጉልበት ያለው ማሽን ግን ያን ያህል ግፊት አይችልም። ቅንጣቱ ሳይሰበር ላዩ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ወዲያ መቁረጡን ትቶ ማጋል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ትንሽ ማሽን ያለው ሰው ዚርኮኒያ ወይም አሉሚኒየም ኦክሳይድ ይግዛ። ጥሩ ቀበቶ ስለተባለ ብቻ ለማይሸከመው ማሽን መክፈል ገንዘብን መበተን ነው።

ቀበቶ ማለቁን የምታውቁት በሦስት ነገር ነው። የፍንጣሪው ጎርፍ ይሳሳል፤ ብረቱ ከወትሮው ቶሎ ይግላል፤ እናንተም ሳይታወቃችሁ ክንዳችሁን ታጠነክራላችሁ። ሦስተኛውን በተለይ አስተውሉት። እየገፋችሁ መሆኑ ሲሰማችሁ ቀበቶውን አውልቁ። ያወለቃችሁትን ግን አትጣሉት፣ አንድ ሥራ ይቀረዋል። የአዲስ ብረት ጠርዝ 90 ዲግሪ ስል ነው፤ በዚያ ጠርዝ ላይ አዲስ ቀበቶ ቢያርፍ ቅንጣቶቹን ይልጣቸዋል። መጀመሪያ ጠርዙን በአሮጌው ቀበቶ በ45 ዲግሪ ሰብራችሁ፣ ከዚያ አዲሱን ስትጭኑ ዕድሜው በግልጽ ይረዝማል። ለመጀመሪያ ግዢ የሻካራነት ቁጥሩ 60 የሆነው ቀበቶ በርከት ይበል፤ 120 ግማሹን ያህል፣ 220 ጥቂት። 400 እና ከዚያ በላይ ያለውን በእጅ ወረቀት ትሠሩታላችሁ።

ያገለገለ ማሽን ለመግዛት ስትሄዱ ሞተሩን ለማስነሣት አትቸኩሉ። ቀበቶውን አውልቃችሁ እያንዳንዱን ፑሌጃ በጣታችሁ አሽከርክሩና ጆሯችሁን አስጠጉ፤ ኩሽኔታው የሚያንቋርር ከሆነ ይቀየራል፣ ርካሽ ነው፣ ዋጋ ለመቀነስ ግን ጥሩ ምክንያት ነው። ፑሌጃውን ወደ ጎን ነቅነቅ አድርጉት፤ ከወዘወዘ ዘንጉን እዩ። ከዚያ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ብረት መደገፊያው ላይ በአግድም አሳርፋችሁ ወደ ብርሃን ተመልከቱ። መሃሉ ላይ ብርሃን ካለፈ ቀበቶው ቦይ ቆፍሮበታል፤ እንዲህ ያለ መደገፊያ ቀጥ ያለ ተዳፋት አያወጣም፤ ይለወጣል ወይም ተሞርዶ ይስተካከላል። የሞተሩን ሰሌዳ አንብቡ፤ ቮልቱን፣ ሄርዙን፣ ዙሩን፣ ፌዙን። ሰሌዳው የጠፋ ሞተር አልገዛም።

ማሽን ወደ አገር ቤት ይዤ ልግባ ለሚሉ ይህ ሰሌዳ ዋና ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ መብራቱ 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው፤ የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ሄርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል እንጂ ሄርዙን አይነካም፤ የአሜሪካ ኢንዳክሽን ሞተር እዚያ ከስድስት እጅ አንዱን ያህል ፍጥነት ያጣል፣ ይበልጥም ይግላል። ስለዚህ ሞተር ተሸክማችሁ አትሂዱ። ፑሌጃዎቹንና ቀበቶዎቹን ያዙ፤ ክብደታቸው ሻንጣ አይሞላም። ቀበቶውን አትጠፉት፤ የታጠፈበት መስመር ላይ ይበጠሳል፣ ጠቅልላችሁ አኑሩት። አካሉን ማንኛውም ደህና ቶርኖና ብየዳ ቤት ከላሜራና ከቱቦላሬ ይሠራዋል። ሞተሩን እዚያው ፈልጉ። ባለ ሦስት ፌዙ ሰሌዳው ላይ 220/380 የሚል ከሆነ ከሲንግል ፌዝ መቆጣጠሪያ ጋር የሚሠራው ገመዱ በዴልታ ሲታሰር ነው፤ ይህን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ያስተካክለው። መቆጣጠሪያ ካልተገኘ በደቂቃ 1,400 ዙር አካባቢ የሚሄደውን ሞተር ምረጡ፤ በ10 ሳንቲ ሜትር ፑሌጃ በደቂቃ ወደ 440 ሜትር ይሰጣል፣ በቺንጋ ከተቀነሰ ደግሞ ለስለት የሚመች ይሆናል።

አገራችን ውስጥ ከመኪና ባሌስትራ ቢላና ማጭድ እየቀጠቀጡ ሕዝብ ሲመግቡ የኖሩ ባለ እጆች አሉ። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው ብዬ ዛሬም አዝናለሁ። እነዚያ ሰዎች የብረትን ቀለም ከእኔ በተሻለ ያነባሉ። ቀስ የሚል ግራይንደር አንድ ቀጥቃጭ እጅ ቢገባ በሞረድ የሚያጠፋው ጊዜ ይተርፈዋል፤ ወጣቱም ሙያውን ለመማር ዓይን ይጥልበታል። ከውጭ ለወንድም ለእኅት ልጅ ስጦታ የምታስቡ ይህን አስቡ።

ከማሽኑ ዋጋ ላይ ግን አስቀድማችሁ የምትቀንሱት ገንዘብ አለ፤ የሳንባችሁ ነው። ፒ100 የሚባል ማጣሪያ ያለው፣ ፊት ላይ አጥብቆ የሚገጥም የመተንፈሻ ጭምብል ግዙ፤ የጨርቅ ማስክ የብረት ብናኝ አያቆምም። የእጀታ እንጨት ብናኝም ቀላል አይደለም፤ ዞጲና መሰል ጠንካራ እንጨቶች ሳንባና ቆዳ ያስቆጣሉ። የዓይን መነጽር፣ የጆሮ መከላከያ። ጓንት አታድርጉ፤ ቀበቶው ጓንቱን ከያዘ እጅን አብሮ ይስባል። ነጠላ፣ ስካርፍ፣ ረዥም እጅጌ፣ የተፈታ ፀጉር ሁሉ ማሽኑ አጠገብ አይድረስ። የእንጨት ዱቄት በተከማቸበት ብረት አትሞርዱ፤ ፍንጣሪው ውስጥ ውስጡን ሲጤስ ቆይቶ ሌሊት ይነሣል። ከቀበቶው ሥር ውሃ ያለበት ባልዲ አኑሩ።

በኪሴ ያለኝ 300 ዶላር ብቻ ነው ለሚለኝ እንዲህ እለዋለሁ። መቶ ለትንሹ ማሽን፣ ሃምሳ ለጭምብልና ለመነጽር፣ ሰባ ለቀበቶ፣ የቀረው ለ1084 ብረት፣ ለሞረድና ለእጀታ እንጨት። ማጠንከሩን ምድጃ ላለው ባለሙያ ላክ፤ በአሜሪካ ይህን በክፍያ የሚሠሩ አሉ። ሺህ ዶላር ያለውን ደግሞ አካሉን በቁርጥራጭ ገዝተህ፣ አንድ የፈረስ ጉልበት ሞተር ከመቆጣጠሪያ ጋር አድርገህ፣ 2 በ72 ራስህ ግጠም እለዋለሁ። ሁለቱንም ግን መጀመሪያ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ተራ ፍላት ብረት በሜትር እንዲገዙ አደርጋለሁ። የብረቱን ጠርዝ በማርከር ያጥቁሩት፣ መሃሉ ላይ ሁለት ቀጭን መስመር ይጫሩበት፤ ከዚያ በግራም በቀኝም እየሞረዱ ተዳፋቱን ሳያልፉ እዚያ መስመር ላይ ማሳረፍ ይልመዱ። ያ ብረት ቢላ አይሆንም፤ ሲያልቅ ሌላ ይቆረጣል። ሁለቱ ጎኖች እኩል ከፍታ ላይ መገናኘት ሲጀምሩ ያን ጊዜ 1084ቱን ያንሡ።